መካር የበዛበት ንጉሥ



ዛሬ የምናገረው ስለ ቼስ ነው። ከቼስም ሰሌዳው ላይ ሁለት ነገሥታትና ጥቂት መጫወቻዎች ብቻ ስለሚቀሩበት ስለ ጨዋታው ማብቂያ ነው። ከማብቂያውም ውስጥ የምመርጠው አንድ ጠባብ ጥያቄ አለ፦ የአንድ ቡድን ልጆች ሰሌዳውን ከበው «እዚህ ቦታ ላይ ምን ብንጫወት ይሻላል?» ብለው ሲመክሩ፣ ምክሩ የሚያበረታቸው መቼ ነው? የሚያዳክማቸውስ መቼ ነው? ጥያቄው ለስፖርት ክበብ ብቻ የሚሆን ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በሀገራችን ታሪክ ውስጥ የቆየ ማስረጃ ያለው ጥያቄ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

«መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ተረቱ እውነት መሆኑን አልክድም፤ ግማሽ እውነት ይመስለኛል እንጂ። በ1805 ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ ወደ ትግራይ ሄዶ አንጣሎ ላይ ራስ ወልደ ሥላሴ ከሹማምንቶቻቸው ጋር ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አየ። ያየውንም ጻፈው። መጫወቻዎቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሸካራ ነበሩ፤ ምርኮ የሚወስድ ሰው የባላጋራውን መጫወቻ በኃይል መትቶ ከቦታው ያነሣዋል። ጨዋታው ጫጫታ የበዛበት ነበር። ዙሪያውን የከበበው ሁሉ፣ ባሮች ሳይቀሩ፣ በጨዋታው ውስጥ ድምፅ ነበረው፤ የሚሻለውን ለማሳየትም የፈለገው ሰው እጁን ዘርግቶ መጫወቻውን ያነሣ ነበር። እስከዚህ ድረስ ስናነበው እንዴት ያለ ነፃ ሸንጎ ነው እንላለን። ሶልት ግን አንድ ነገር ጨመረ፦ ሁሉም በብልሃት እያመቻቹ ራስ ወልደ ሥላሴ በየጨዋታው እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር። ሶልት እንግዳ ሰው ነው፣ ያየውም ጥቂት ጨዋታ ነው፤ ራስ ወልደ ሥላሴም ምናልባት ጎበዝ ተጫዋች ነበሩ ብንል አንሳሳትም። ቢሆንም ያቺ አንዲት ማስታወሻ የዛሬውን ጉዳይ በሙሉ ይዛለች። እዚያ መካር አልጠፋም፣ ዝም የተባለም ሰው አልነበረም። የጠፋው ምክሩ የሚፈተንበት መንገድ ነው። አንጣሎ ላይ ሁሉም ይናገር ነበር፤ የተነገረው ግን ሰሌዳው ላይ ባለው እውነት አልተመዘነም። የተመዘነው ከጨዋታው በኋላ ማን ደስ ብሎት መነሣት አለበት በሚለው ነው።

ያ ሁሉ ሰው እጁን ለምን እንደሚያስገባ ለመረዳት የጨዋታውን ወግ ማወቅ ይረዳል። የጥንቱ ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼስ በብዙ ነገር ይለያል። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ የተፈራረቀበት አይደለም፤ በመስመር ብቻ የተከፋፈለ ጨርቅ ነው። ሠራዊቱ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ደር፣ ፊል፣ ፈረስና መደቅ ይባላል። ጨዋታው የሚጀመረው ወረራ በሚባለው ክፍል ነው፤ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ እንደየፍጥነታቸው ያሰልፋሉ። ማብቂያውም የራሱ ክብር አለው። ሠራዊቱ አልቆ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማለት አይፈቀድም። በደር ወይም በፈረስ ማት ማለት ይቻላል፤ ሆኖም የሚያስመሰግን አልነበረም። በፊልና በፈርዝ የጨረሰ ይመሰገናል፣ በመደቅ የጨረሰ ደግሞ ይደነቃል። እነዚህን ወጎች የመዘገቡልን እንደ ዋልተር ፕላውደን ያሉ መንገደኞች ናቸው፤ ሪቻርድ ፓንክኸርስትም በ1971 የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ባወጣው ጽሑፍ አሰባስቧቸዋል። እንግዲህ የማሸነፍ ደረጃ ባለበት ጨዋታ የማብቂያው ሰዓት ለክርክር የተመቸ ይሆናል። አሸናፊው ማን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ እንኳ «በምን እንጨርሰው?» የሚል ጥያቄ ይቀራል፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ተመልካች ሁሉ መልስ አለው። ዛሬም በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች አጠገብ የቆመ ሰው ይህን ጠባይ ለማየት ብዙ መጠበቅ የለበትም።

የእኔ ክርክር ይህ ነው። በጋራ መተንተን ከሦስት የተለያዩ ሥራዎች የተሠራ ነው፦ እጩ እርምጃዎችን ማግኘት፣ የተገኙትን መፈተን፣ ከተፈተኑት አንዱን መወሰን። ብዙ ቡድኖች ሦስቱን በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ጫጫታ ውስጥ ይሠሯቸዋል። አንዱ እጩ ያነሣል፣ ሌላው ወዲያው ይሽረዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ፈረሱን አንሥቶ ይወስናል። እያንዳንዱ ሥራ ግን የሚፈልገው የሰው አቀማመጥ ሌላ ነው። እጩ ማግኘት ለየብቻና በዝምታ የሚሠራ ነው። መፈተን በጋራና ያለ ይሉኝታ ይሠራል። መወሰን የአንድ ሰው ነው። ይህ ቅደም ተከተል የተጠበቀለት ቡድን ከአባላቱ ሁሉ ሊበልጥ ይችላል፤ ያልተጠበቀለት ቡድን ደግሞ ብዙ ጊዜ ድምፁ ከጎላው አባሉ አይበልጥም።

በሰሌዳው ላይ ላሳያችሁ። ሪሻርድ ሬቲ በ1921 ያቀናበረው ዝነኛ ቦታ ነው። ነጭ ንጉሡ ኤች8 ላይ፣ አንዱ ወታደሩ ሲ6 ላይ አለ። የጥቁር ንጉሥ ኤ6 ላይ፣ ወታደሩም ኤች5 ላይ አለ። ተራው የነጭ ነው፤ የሚፈለገው አቻ መውጣት ነው። መጀመሪያ ሲታይ ነጭ ያለቀለት ይመስላል። የጥቁር ወታደር እየሮጠ ነው፣ የነጭ ንጉሥ ሊደርስበት አይችልም፤ የነጭ ወታደር ደግሞ ለጥቁር ንጉሥ ቅርብ ነው። አንድ ቡድን ይህን ቦታ ከብቦ ሲወያይ ምን እንደሚነሣ መገመት አይከብድም። አንዱ «ወታደሩን እናሳድ፣ ንጉሡ ወደ ኤች7» ይላል። ሌላው «የራሳችንን እንግፋ፣ ሲ7» ይላል። ሁለቱም ምክንያታቸውን በአንድ ትንፋሽ ማስረዳት ይችላሉ፤ ሁለቱም ይሸነፋሉ። ሲ7 ከተባለ ጥቁር ንጉሡን ቢ7 ላይ አቁሞ ወታደሩን ይበላል። ኤች7 ከተባለ ንጉሡ ከኋላ ሲከተል የጥቁር ወታደር ንግሥት ይሆናል። የሚያድነው እርምጃ ንጉሡ ወደ ጂ7 መሄዱ ነው። ይህ እርምጃ ሲነገር ያሳፍራል፤ ወታደሩንም አያሳድድም፣ የራሱንም ወታደር በግልጽ አይረዳም። ሚስጥሩ በሰያፍ መሄዱ ላይ ነው፤ በአንድ እርምጃ ሁለቱን ዓላማ በትንሽ በትንሹ ያቀርባል። ኤች4፣ ንጉሥ ኤፍ6። ጥቁር ወታደሩን መግፋት ከቀጠለ የነጭ ንጉሥ ወደ ራሱ ወታደር ይደርሳል፤ ሁለቱም ንግሥት አውጥተው አቻ ይሆናሉ። ጥቁር ንጉሡን ወደ ቢ6 ቢወስድ ነጭ ኢ5 ይሄዳል። ጥቁር ወታደሩን ቢበላ ነጭ በኤፍ4 በኩል የኤች ወታደርን ይደርስበታል፤ ካልበላም ነጭ ዲ6 ገብቶ የራሱን ወታደር ያነግሣል።

ከዚህ ቦታ የምወስደው ሬቲ ምን ያህል ሊቅ እንደነበረ አይደለም፤ እሱን ሁሉም ያውቃል። የምወስደው ጂ7 በቡድን ውስጥ ምን ዓይነት ዕድል እንዳለው ነው። ኤች7ን ያቀረበ ልጅ መሟገቻ አለው። ሲ7ን ያቀረበም አለው። ጂ7 ዓይኑ ላይ የመጣበት ልጅ ግን ገና መሟገቻ የለውም፤ «አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል» ከማለት በላይ መናገር አይችልም። ሁለቱ ጎበዞች እየተከራከሩ ባሉበት መሐል ማን ይህን አፍ አውጥቶ ይናገራል? ስለዚህ ጂ7 አልተሸነፈም፣ እንዲያውም ወደ ክርክሩ አልገባም። በጨዋታ ማብቂያ ላይ ይህ በተለይ ይጎዳል። ጨዋታው መሐል ላይ ስድስት ጥሩ እርምጃ ሊኖር ይችላል፣ ከስድስቱ አንዱን ብንስት ሌላው ይክሰናል። በማብቂያው ግን ብዙ ጊዜ የሚያድነው እርምጃ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከእጩዎቹ መካከል ከጎደለ በኋላ ሌሎቹን የቱንም ያህል በጥራት ብንፈትን ትርፉ ድካም ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስል ከቼስ ውጭ የተሠራ አንድ ጥናት ልጥቀስ። በ1958 በየል ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተመራማሪዎች አራት አራት ሰው ያሉባቸውን ቡድኖች አብረው ሐሳብ እንዲያፈልቁ አደረጉ፤ በሌላ ወገን ደግሞ ሰዎችን ለየብቻ አስቀምጠው የጻፉትን አራት አራቱን ደመሩ። ለየብቻ የሠሩት ድምር አብረው ከተወያዩት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሐሳብ አስገኘ። ሰለሞን አሽ ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባደረገው ሙከራ የመስመር ርዝመት በማወዳደር ብቻ፣ ሌሎች ሁሉ የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ ብዙ ሰው ዓይኑ ያየውን ትቶ እነሱን እንደሚከተል አሳየ። ከዚያው ሙከራ የምወደው ክፍል ግን ብዙም የማይጠቀሰው ነው፦ ከመካከል አንድ ሰው እንኳ ከብዙኃኑ ሲለይ መከተሉ በእጅጉ ይቀንሳል። ለቡድን አሰልጣኝ ይህ ትልቅ ዜና ነው። ሁሉንም ደፋር ማድረግ አይጠበቅበትም፤ በየቦታው አንድ ሰው በደንብ እንዲቃወም ሥራ አድርጎ መስጠት ይበቃዋል።

«እጩ እርምጃ» የሚለውን አነጋገር ያስለመደን ሶቪየታዊው አሌክሳንደር ኮቶቭ ነው። የእሱ ምክር ጥብቅ ነበር፦ መጀመሪያ እጩዎቹን ሁሉ ዘርዝር፣ ከዚያ አንዱን ቅርንጫፍ አንድ ጊዜ ብቻ መርምር፣ ተመልሰህ አትምጣበት። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፣ ተገቢም ነው። ሆላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አድሪያን ደ ግሮት በ1946 ባሳተመው ጥናት ታላላቅ ተጫዋቾችን ድምፃቸውን እያሰሙ እንዲያስቡ አድርጎ ነበር። ያገኘው ነገር ኮቶቭ በኋላ ካስተማረው ጋር አይስማማም። ታላላቆቹ ከመካከለኞቹ የበለጠ ብዙ እጩ አይመረምሩም፤ ያንኑ አንድ እርምጃ ትተውት ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ይመጡበታል፣ በየምላሹም ጠለቅ ይላሉ። እንግዲያስ ጎበዞቹ ራሳቸው የማይሠሩትን ዝርዝር ለምን በልጆች ላይ እንጭናለን? ተቃውሞው ግማሹን ያሸንፈኛል። ወደ ተተወ እርምጃ መመለስን የሚከለክል ቡድን ከራሱ ከሰው አስተሳሰብ ጋር ይጣላል፤ ስለዚህ የኮቶቭን ሁለተኛ ግማሽ እተዋለሁ። የመጀመሪያውን ግማሽ ግን አልተውም። ታላቁ ተጫዋች ጥቂት እጩ የሚበቃው በሺህ የሚቆጠር ቦታ በልቡ ስላለ ነው፤ ዓይኑ ገና ሲያርፍ ትክክለኛው እርምጃ ከጥቂቶቹ መካከል ይገኛል። የእኛ ተማሪ ያ ክምችት የለውም። ለየብቻ የሚጽፉ አምስት ጥንድ ዓይኖች የሚተኩለት ይህን ጉድለት ነው።

አሁን ወደ አንጣሎ ችግር ልመለስ፤ መድኃኒቱ ከሩቅ የሚመጣ አይደለምና። ጀምስ ብሩስ በ1770ና በ1771 ጎንደር በነበረ ጊዜ ስለ ንጉሡ ምክር ቤት ሲጽፍ ሐሳብ የሚሰጠው ከታናሹ ሹም ተጀምሮ ወደ ላይ እንደነበረ ይነግረናል። ንጉሡ ፊቱን ሳያሳይ በመጋረጃ ተሰውሮ ያዳምጣል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚያሰማለት ቃለ ሐፄ የሚባለው ሹም ነው። በዙፋን ችሎትም የቆየው ልማድ ዳኞች ከታች ወደ ላይ አስተያየት ሰጥተው ንጉሠ ነገሥቱ በመጨረሻ እንዲፈርዱ ነበር። ይህን ወግ ስናስብ ክብር ለመጠበቅ የተደረገ ብቻ አድርገን እናየዋለን። እኔ ግን ከዚያ የበለጠ ብልሃት አይበታለሁ። ታላቁ ቀድሞ ከተናገረ የታናሹ ንግግር ማሟያ ይሆናል። ንጉሡ ፊቱ ከታየ ደግሞ ታናሹ ቀድሞ ቢናገርም የንጉሡን ቅንድብ እያየ ይናገራል፤ መጋረጃው የተሠራው ለዚህ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም። እርግጥ ወጉ ሁልጊዜ ሠርቷል አልልም፤ በመጋረጃ ጀርባ ያለን ንጉሥ ልብ መገመት የሚችል አሽከር በየዘመኑ አይጠፋም። ሆኖም ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች ችግሩን አውቀውት ነበር። አንድ ቡድን በዚህ ልክ ቢሠራ ምን ይመስላል? ሰሌዳው ይዘረጋል፤ ሁሉም በወረቀት ላይ ሁለት ወይም ሦስት እጩ እርምጃ ያለ ምክንያት ይጽፋል፤ ወረቀቱ የሚነበበው ከደካማው ተጫዋች ጀምሮ ነው፤ አሰልጣኙና የአንደኛው ሰሌዳ ተጫዋች ሁሉም እስኪነበብ ድረስ ፊታቸው ላይ ምንም አያሳዩም። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል።

ከዚህ ከእንጭኒ አካባቢ ባህል ተነሥቶ የሚቀርብ ሌላ ተቃውሞ አለ፤ እዚህ ቆሜ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። የገዳ ሥርዓት፣ በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው፣ በኦዳ ዛፍ ስር ተቀምጦ ሁሉም ተናግሮ ስምምነት ላይ እስኪደረስ ድረስ መምከርን ያውቃል። በድምፅ ብልጫ ቸኩሎ መለያየት በዚያ ሸንጎ የሚያስመሰግን አይደለም። ታዲያ እኔ «ወሳኙ አንድ ሰው ይሁን» ስል ያን ጥበብ እየናቅሁ ነው? አይመስለኝም። ሽማግሌዎች በግጦሽና በደም ጉዳይ ላይ ሲወስኑ ውሳኔው በተሰብሳቢዎቹ መካከል የሚኖር ነው፤ ያልተስማማ ሰው ነገ ከዚያው ጎረቤቱ ጋር ውኃ ይቀዳል። ስለዚህ ስምምነቱ ራሱ የውሳኔው አካል ነው። በሰሌዳ ላይ ግን ውሳኔው የሚፈተነው በእኛ መካከል አይደለም፣ ከወዲያ በተቀመጠው ባላጋራ ነው። ባላጋራው የተስማማንበትን እርምጃ ከመስማማታችን የተነሣ አያዝንለትም። ከዚህም በላይ ስምምነት የሚፈለግ ከሆነ የሁለት እቅዶች ግማሽ ግማሽ ይመረጣል፦ አንዱ በቀኝ መሮጥ ፈለገ፣ ሌላው በግራ፣ ቡድኑ አንድ እርምጃ በቀኝ አንድ እርምጃ በግራ ይሄዳል። በማብቂያ ላይ አንድ የጠፋ እርምጃ ጨዋታን ያጠፋል።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ በ1999 የተደረገው ጨዋታ ነው። የዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ በነጭ፣ «ዓለም» በሙሉ በጥቁር ተጫወቱ። ከ75 በላይ አገሮች የመጡ ከ50 ሺህ የበለጡ ሰዎች በኢንተርኔት በየሃያ አራት ሰዓቱ ድምፅ ይሰጡ ነበር፤ ጨዋታው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ቆይቶ በ62ኛው እርምጃ ካስፓሮቭ አሸነፈ። ብዛት ብቻውን ብርታት አይሆንም ብሎ ለመደምደም ይህ የሚያመች ይመስላል፤ ግን ነገሩ ከዚያ ይጠልቃል። ያ ብዙ ሕዝብ ለረጅም ጊዜ በሚያስደንቅ ደረጃ ተጫውቷል፤ ካስፓሮቭም በአንድ ጨዋታ ላይ ያን ያህል ደክሞ እንደማያውቅ ተናግሯል። ሕዝቡን የተሸከመው ሥርዓት ነበር። አይሪና ክራሽ የተባለች የ15 ዓመት አሜሪካዊት ተጫዋች ከአራቱ አማካሪዎች አንዷ ሆና፣ ከመላው ዓለም የሚመጣውን ትንተና እየሰበሰበችና እየፈተነች ምክሯን ታቀርብ ነበር። ያ ትንተና ለሁሉ ክፍት ስለነበር ካስፓሮቭ ራሱ ያነበው እንደነበር አምኗል፤ በሕዝብ ፊት የሚመክር ቡድን ይህንም ዋጋ ይከፍላል። ጨዋታው ወደ ንግሥቶች ማብቂያ ሲደርስ፣ እያንዳንዱ እርምጃ እንደ ምላጭ በቀጠነበት ሰዓት፣ ሥርዓቱ ተናጋ። በ51ኛው እርምጃ ድምፁ ተጭበርብሯል የሚል ክስ ተነሣ፤ በ58ኛው የክራሽ ምክር በሰዓቱ ለሕዝብ ሳይደርስ ቀረ። ጥቁር እነዚህ ባይሆኑ ያመልጥ ነበር አላልኩም። የምለው፣ እጩ ማግኘትና መፈተን በሺዎች እጅ ሲሠራ ጥሩ ነበር፤ መወሰን በሺዎች እጅ ሲገባ ግን ኃላፊ ጠፋ፣ «ይህን የወሰንኩት እኔ ነኝ» የሚልም አልተገኘም።

ሁለት ተቃውሞዎች ቀርተዋል፤ በአጭሩ ልለፋቸው። አንደኛው፣ በውድድር ላይ መመካከር ክልክል ነው የሚል ነው። እውነት ነው። የዓለም አቀፉ ቼስ ፌዴሬሽን ሕግ ተጫዋች ከማንም ምክር እንዳይቀበል፣ ተመልካችም ስለሚካሄድ ጨዋታ እንዳይናገር ያዛል፤ የአንጣሎ ታዳሚዎች ዛሬ አንድ ደቂቃ ሳይቆዩ ከአዳራሹ ይወጡ ነበር። እኔ የምናገረው ስለ ልምምድ፣ ስለ አማካሪ ጨዋታና ከውድድር በኋላ ስለሚደረግ ምርመራ ነው። በዚያ የተለመደ የአስተሳሰብ ሥርዓት ተጫዋቹ ብቻውን ሲቀመጥ አብሮት ይቀመጣል፤ አሰልጣኙ ሳይኖር አሰልጣኙን፣ ተቃዋሚው ሳይኖር ተቃዋሚውን በልቡ ይሰማል። ሁለተኛው ተቃውሞ ኮምፒዩተር ነው። በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሎሞኖሶቭ በተባለው ግዙፍ ኮምፒዩተር በ2012 ሰባት መጫወቻ ያለበት ማብቂያ ሁሉ ተሰልቶ አልቋል፤ የሬቲ ቦታ አራት መጫወቻ ብቻ ነው ያለው፣ መልሱ በስልክ ላይ በዓይን ጥቅሻ ይገኛል። ታዲያ ምን ያከራክረናል? ኮምፒዩተሩ መልሱን ይሰጣል፤ መልሱን የሚያገኝ ዓይን ግን አይሰጥም። ይልቅ የምወደው እንደ ዳኛ ሲያገለግል ነው፦ ወረቀቶቹ ተነበው፣ ክርክሩ አልቆ፣ አንዱ ከወሰነ በኋላ ስልኩ ይከፈት። እሱ ራስና ባሪያ አይለይም።

በቡድን ውድድር ላይ አንድ ልዩ ነገር አለ፤ ከመጨረሻው ነገር በፊት ላንሣው። የቼስ ኦሊምፒያድ ግጥሚያ በአራት ሰሌዳ ይካሄዳል። ሦስቱ ጨዋታዎች አልቀው ቡድኑ 2 ለ 1 እየመራ ከሆነ፣ በአራተኛው ሰሌዳ ላይ ያለው ተጫዋች አቻ ቢወጣ ግጥሚያው ያልቃል። ሕጉም የቡድኑ አለቃ ስለ ቦታው ምንም ሳይናገር አቻ እንዲጠይቅ ወይም እንዲቀበል መምከር እንዲችል ይፈቅዳል። ይህ ማለት ያው ቦታ፣ ያው እጩ ዝርዝር፣ በሌላ ቀን ሌላ መልስ አለው። ለማሸነፍ ስድሳ ከመቶ፣ ለመሸነፍ ሃያ ከመቶ ዕድል የሚሰጥ ደፋር እርምጃ አለ እንበል፤ አጠገቡ ደግሞ በእርግጠኝነት አቻ የሚያወጣ እርምጃ አለ። ብቻውን ለሚጫወት ሰው ደፋሩ ይሻላል፤ ለቡድኑ አቻው ይበልጣል። ልምምድ ላይ ቡድኖች ይህን ሲያደርጉ አይታይም፤ ቦታውን ብቻ ይመረምራሉ፣ ውጤቱን አያስቀምጡበትም። እኔ ብሆን በየወረቀቱ አናት ላይ «አቻ ይበቃናል» ወይም «ማሸነፍ አለብን» ተብሎ እንዲጻፍ አደርጋለሁ፤ እጩዎቹ ሲቀያየሩ ታያላችሁ።

የመጨረሻው ነገር ውድቅ ስለተደረጉና በኋላ እንደገና ስለሚፈተኑ እርምጃዎች ነው። በ1962 በቡልጋሪያ ቫርና ከተማ በተደረገው ኦሊምፒያድ ሶቪየት ኅብረትና አሜሪካ ሲገናኙ የዓለም ሻምፒዮኑ ሚኻይል ቦትቪኒክ ከ19 ዓመቱ ቦቢ ፊሸር ጋር ተቀመጠ። በዚያ ዘመን ያላለቀ ጨዋታ ለማግሥቱ ይቆያል፤ ቡድኑም ሌሊቱን መመካከር ይፈቀድለታል። ጨዋታው ሲቋረጥ ሩክ ያለበት ማብቂያ ነበር፣ ወታደር የሚበልጠውም ፊሸር ነበር። የሶቪየት ቡድን ሌሎቹ አባላት ፔትሮሲያን፣ ስፓስኪ፣ ኬሬስ፣ ጌለርና ታል ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ቡድን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ አልታየም። ከመካከላቸው የዓለም ሻምፒዮንነት ዘውድ ደፍቶ የማያውቀው ዬፊም ጌለር፣ የተለመደው ዕውቀት ያለቀለት ነው ከሚለው ቦታ አቻ ሊወጣ የሚችልበትን ያልተለመደ ሐሳብ አመጣ። በማግሥቱ ቦትቪኒክ በዚያ መንገድ ሄዶ በ68ኛው እርምጃ አቻ ወጣ፤ ሐሳቡ የጌለር እንደነበረም በግልጽ ጻፈ። ነገሩ ግን በዚያ አላለቀም። ፊሸር በ1969 ባሳተመው የጨዋታዎቹ መጽሐፍ ውስጥ ማሸነፍ ይችል እንደነበረና በየት በኩል እንደሆነ አሳየ። ቦትቪኒክ አልተቀበለውም። ክርክሩንም ለራሱ አላስቀረውም፤ ቦታውን በወጣቶች ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎቹ የቤት ሥራ አድርጎ ሰጣቸው። ፊሸር ያሸንፋል ባለው መንገድ ላይ ነጭ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ይዞ የመጣው ጋሪ ካስፓሮቭ የሚባል የ13 ዓመት ልጅ ነበር።